አራት ሞላ

መምህር አንለይ ያረፈ ዕለት ትምህርት ቤታችን መብራትም ውሃም አልነበረውም። ከቤቱ ተደውሎ ሲነገረን እኔ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ከዚያ የሒሳብ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ እየጠራረገ፣ «አንለይ ቢኖር ኖሮ፣ ‹እሳትና ውሃ ቀርተዋል፤ ለዛሬ በመሬትና በነፋስ አስተምሩ› ይለን ነበር» አለ። ሳቅን። አስከሬን ሳይወጣ መሳቅ ነውር መሆኑ አይጠፋንም፤ ግን የእሱ ነገር ሲነሣ ሳቁን መያዝ የሚችል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ስለ እሱ ልጽፍ የተነሣሁት ትልቅ ሥራ ሠርቶ ስላለፈ አይደለም። ያገኘው አዲስ ነገር የለም፤ በስሙ የተጠራ ነገርም የለም። ኬሚስትሪ አስተማረ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር በሠራት ቤት ልጆች አሳደገ፣ ጡረታው ሲደርስ ሞተ። የማልረሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቀልዱ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ቀልድ ከምን እንደተሠራ የገባኝ እሱ በሞተ ማግሥት መሆኑ ነው።

እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስም እዚያው ትምህርት ቤት ተመድቤ ባልደረባው ሆንሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ላይ የጠመኔ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነበር። ነጭ ጋዋኑን ገበያ ሳይቀር ለብሶ ይወጣል። ሚስቱ እትዬ ሙሉ፣ «ሐኪም እየመሰልሃቸው ሰው ሁሉ በሽታውን ይነግርሃል» ስትለው፣ «እሰማዋለሁ። መስማት ምን ይከፈልበታል?» ይላታል። እሷም ወደ እኔ ዞራ፣ «መቶ አስራ ስምንቱን ንጥረ ነገር በቃሉ ያውቃል፤ የገዛ ቤቱ ጨው የት እንደሚቀመጥ ግን አያውቅም» ትለኛለች።

«እርስዎ» ስንለው ይቆጣ ነበር። «እርስዎ የሚባሉት የኔታ ናቸው። ለሁለት ሰው ከተካፈለ ያንሳል» ይላል። ስለዚህ ተማሪው ሆኜም ባልደረባው ሆኜም «አንተ» እያልሁት ኖርሁ፤ እዚህም እንደዚያው ልጽፍ ነው።

የኔታ የሚላቸው አባቱን ነው። መሪጌታ ፈንታ በጣና ሐይቅ ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ ቅኔ ያስተምራሉ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ልጃቸው ፊደል የቆጠረውም፣ ንባብ የተማረውም፣ ቅኔ የጀመረውም እሳቸው እግር ሥር ነበርና፣ እሱም እንደ ማንም ተማሪ የኔታ ይላቸዋል እንጂ አባባ ብሎ አያውቅም። ወንበራቸውን እንዲወርስ ያሰቡት እሱን ነበር። እሱ ግን ቅኔውን ሳይጨርስ አንድ ቀን አኩፋዳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ባሕር ዳር ገባና አስኳላ ተመዘገበ። ጎበዝ ወጣው፤ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እዚያ ኬሚስትሪ ደረሰው።

«እኔ የሞላሁት ሕክምና ነበር» ይላል። «ኬሚስትሪ የመደበኝ መንግሥት ነው። የኔታ ግን እስካሁን እሳቸውን ለማናደድ ፈልጌ የመረጥሁት ይመስላቸዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በየኔታ ትምህርት ዓለም ከአራት ባሕርያት ተሠራ፤ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት። ሰውም ሥጋው ከነዚሁ ከአራቱ ነው። በልጃቸው ትምህርት ደግሞ ዓለም የተሠራው ከመቶ በላይ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ከአራቱ አንዱም እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አባትና ልጅ የሚከራከሩበት ርስት የላቸውም ነበርና በዚህ ተከራከሩ።

መምህር አንለይ ይህን ክርክር ክፍል ውስጥ ይዞት ይገባ ነበር። የትምህርት መጀመሪያ ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ «ዓለም ከስንት ነገር ተሠራ?» እኔ ተማሪ በነበርሁበት ዓመት ከፊት ወንበር የተቀመጠች የቄስ ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ከአራት» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁላችንም ዝም አልን።

«የእሷ መልስ ከቅድመ አያቶቿ ጀምሮ አራት ነው» አለን። «የእናንተ መልስ በድሮው መጽሐፍ መቶ ዘጠኝ ነበር፤ በአዲሱ መቶ አስራ ሁለት ሆኗል። እስቲ መጀመሪያ እናንተ አንድ ነገር ላይ ቁሙና ከዚያ ትስቃላችሁ።»

ከዚያ ሰንጠረዡን በቃላችን እንድንይዝ አደረገ። ያስያዘንም በንባብ ቤት ዜማ ነው፤ ልጆች በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲያነቡ በሚያወጡት፣ እሱም ከአባቱ በተማረው ዜማ። ሃይድሮጅንን ያዘግማል፣ ሂሊየምን ያነሣል፣ ሊቲየም ላይ ይወርዳል። ከግድግዳው ማዶ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት መምህር፣ «በክፍለ ጊዜዬ ማሕሌት እየተቆመብኝ ነው» ብለው ለርእሰ መምህሩ ከሰሱት። ተጠርቶ ሲሄድ፣ «ማሕሌት አይደለም፤ ንባብ ነው። ልዩነቱን ካላወቁት ይምጡና ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ» አለ። ከሁላችን አሳምሮ ያወጣው የነበረው ግሽ አባይ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ሰውዬ ልጅ ሰዒድ ነበር። መምህር አንለይ፣ «የኔታ ቢሰሙህ ወንበሩን ለአንተ ይሰጡህ ነበር» ሲለው ሰዒድ፣ «አባቴ ሱቁን ነው የሚሰጠኝ፤ እሱ ይሻለኛል» አለው።

አንድ ያልገባን ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት፣ ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየምና ቤሪሊየም፣ ዜማቸው ያለ እንከን ነው። ከአምስተኛው፣ ከቦሮን ጀምሮ ግን ዜማው ይሰባበራል፤ አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ያደርገዋል። ስንጠይቀው፣ «ከዚያ በኋላ ያለውን ያረመልኝ የለም» ይለን ነበር። እኛ ቀልድ መሰለን። የእሱ ነገር መቼም ቀልድ ይመስላል።

ሰውን ሁሉ ለአራቱ ባሕርያት ያከፋፍል ነበር። ርእሰ መምህሩ ነፋስ ናቸው፤ አይታዩም፣ በር ሲዘጋ ብቻ ይሰማሉ። ሻይ ቤቷን የያዘችው ሴትዮ እሳት ናት፤ ስለዚህ ሻይዋ ይሞቃል፣ መልስም አትሰጥም። እኔን ውሃ አለኝ። «የትም ብትቀዳ የዕቃውን መልክ ትይዛለህ፤ የራስህ መልክ የለህም።» ይህን የነገረኝ ሥራ በጀመርሁ ሳምንት ስለሆነ ከፍቶኝ ነበር። አይቶኝ ኖሮ በነጋታው፣ «ደግሞ ውሃ የሌለበት ነገር አይበቅልም» ብሎ አስታረቀኝ። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ ስሜ ውሃው ሆኖ ቀረ።

«ግን አንተ ራስህ የቱን ታምናለህ?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

«አራቱ ለሰው ነው፤ መቶ አስራ ስምንቱ ለዕቃ» አለኝ። «ሰው ሲናደድ ‹እሳት ሆነ› ይባላል። ‹ካርቦን ሆነ› ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

አንዴ ተማሪዎች ጸበል በጠርሙስ ይዘው መጡ። ከተራ ውሃ ይለይ እንደሆን እንዲመረምርላቸው ነው። ጠርሙሱን ተቀብሎ በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየና፣ «እናትህን የምትወዳት የደም ዓይነቷን አስመርምረህ ነው?» ብሎ ላመጣው ልጅ መለሰለት። በዚያ ላይ ለመመርመሪያ የሚሆን ኬሚካልም አልነበረንም። እሱን ግን አልነገራቸውም።

ጋዋኑ ስሙን ከከተማ ውጭ መሸንቲ ድረስ አድርሶለት ኖሯል፤ አንድ ጊዜ ከዚያ አንድ ገበሬ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ በጨርቅ ቋጥሮ መጣ። ወርቅ መስሎታል። መምህር አንለይ ድንጋዩን ፈለጥ አደረገ፣ አሸተተ፣ በእሳት አየው። ከዚያ በርኅራኄ፣ «ወንድሜ፣ ወርቅ አይደለም። ውስጡ ያለው ብረትና ድኝ ነው» አለው። ገበሬው አሰበ አሰበና፣ «እንግዲያው ብረቱን አውጣልኝና ማረሻ ላሠራበት» አለ። መምህር አንለይ ድንጋዩን በጨርቁ መልሶ ቋጠረለት። «አየህ» አለኝ በኋላ፣ «እሱ መሬት ነው። መሬትን በሰንጠረዥ አታሸንፈውም።»

ቤተ ሙከራችን ስሙ ቤተ ሙከራ ይባል እንጂ መደርደሪያው ባዶ ነበር። መምህር አንለይ ባዶው አስጠላውና አራት ብልቃጥ ደረደረ። አንዱ ውስጥ ከአባቱ ደብር ያመጣው አፈር፣ አንዱ ውስጥ የጣና ውሃ፣ አንዱ ውስጥ ከሰል አለ፤ አራተኛው ባዶ ሆኖ በደንብ ተከድኗል። ከቢሮ የመጣ ተቆጣጣሪ መደርደሪያውን እያየ አራተኛው ጋ ቆመ።

«ይሄ ባዶ ለምን ተቀመጠ?»

«ባዶ አይደለም፤ ነፋስ ነው።»

«ነፋስማ እዚህም ሞልቷል።»

«ይሄ የሐይቅ ነው።»

ተቆጣጣሪው ምን እንደነካው እንጃ፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። መምህር አንለይ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ምን አደረግህ ወንድሜ! ይህን ለማምጣት ስንት ቀዝፌ!» ሰውዬው ደንግጦ ቶሎ ከደነው፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ። ሪፖርቱ ሲመጣ፣ ከኬሚካሎቹ አንዱ በፍተሻ ወቅት ስለባከነ እንዲተካ የሚል ቃል ነበረበት። መምህር አንለይ ትእዛዙን አከበረ። ተማሪዎቹን አሰልፎ ሐይቁ ዳር ወሰዳቸው፣ ብልቃጡን ከፍቶ ወደ ነፋሱ ያዘ፣ ከደነ። «ተተክቷል» አለ። ብልቃጦቹ አሁንም መደርደሪያው ላይ ናቸው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ግን ሰውየው ሁልጊዜ የሚያሸንፍ እንዳይመስል። የሚሸነፍበት አንድ ቦታ ነበረ፤ እኔም አንድ ቀን አብሬው ሄጄ አይቻለሁ።

በጀልባ ነበር የሄድነው። ሐይቁን እንቦጭ ወሮት ስለነበር ባለ ጀልባው በየመሐሉ ሞተሩን እያጠፋ አረሙን ከሥሩ ይነቅላል። መምህር አንለይ፣ «አምስተኛው ባሕርይ ይኸው ተገኘ። ለየኔታ እነግራቸዋለሁ» እያለ ያስቀን ነበር። ወደ ደብሩ ስንቀርብ ግን ቀልዱን ትቶ ከረባቱን አስተካከለ። አባቱ ዐይናቸው ደክሞ ከረባት እንደማያዩ ያውቃል።

የኔታ ጎጇቸው ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ዙሪያቸውን መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መምህር አንለይ ጉልበታቸውን ሳመና ከተማሪዎቹ መሐል፣ ከነሙሉ ልብሱ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔንም አስተዋወቀኝ፤ «ይሄ ውሃው ነው» አላቸው።

«መጣህ?» አሉት የኔታ።

«መጣሁ የኔታ።»

«ስንት ደረሱ?»

«መቶ አስራ ስምንት።»

«ያን ጊዜ መቶ አስራ ሁለት አላልኸኝም?»

«ጨመሩ።»

«የት ኖረው ነው?»

«አልነበሩም፤ ሰዎች ሠሯቸው።»

«እንደምን ያሉ ናቸው? ይያዛሉ?»

መምህር አንለይ እንደ መሸማቀቅ አለ። «አይያዙም የኔታ። እንደተሠሩ ይፈርሳሉ። ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ አይቆዩም።»

የኔታ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? የሚፈርስ ነገር ሠርተው ሳይፈርስ ቆጠሩት። እኛ አራታችንን ይዘን ይኸው እስከ ዛሬ አንዱም አልፈረሰብን።» ተማሪዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

«እሳት ግን የኔታ፣ ራሱን የቻለ ባሕርይ አይደለም» አለ መምህር አንለይ፤ ላለመረታት ያህል። «አንዱ ነገር ከሌላው ሲዋሐድ የሚታይ ነው እንጂ...»

«ጣትህን ስደድበትና ራሱን መቻል አለመቻሉን ንገረኝ» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው፣ «በል እስቲ አንብብ» አሉ።

ያልጠበቅሁት ነገር የመጣ ያን ጊዜ ነው። የሃምሳ ዓመት ሰው እግሩን አጣጥፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እኛን ባስተማረን ዜማ ጀመረ፤ «ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም...» የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። ሊቲየም ላይ፣ «አትጣለው፤ ያዝ አድርገህ አውርደው» ብለው አረሙት። እሱም አርሞ ደገመው። ቤሪሊየም ሲል መቋሚያቸውን አንሥተው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱ።

«በቃ። አራት ሞላ።»

መምህር አንለይ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። የኔታ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ነገሩ አበቃ።

ስንመለስ ጀልባው ላይ፣ «ዛሬም ከቤሪሊየም አላለፍሁም» አለኝ። ገና ወጣት መምህር ሆኖ መጀመሪያ ሊጠይቃቸው ከሄደበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው። በመጣ ቁጥር አንብብ ይሉታል፤ አራተኛው ላይ ያስቆሙታል። እኛን ያስተማረን ዜማ ከአምስተኛው ጀምሮ ለምን እንደሚሰባበር ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ያለ እንከን የሆኑት በአባቱ እጅ ስለታረሙ ነበር።

«መቋሚያው ቢመታም ለምን አትቀጥልም?» አልሁት።

«የኔታ ከመቱ በኋላ የሚያነብ ተማሪ አላየሁም። አፌ ራሱ ይዘጋል።» ከዚያ ሳቅ እያለ፣ «ምርቃት አልፈልግም፤ ወንበሩም ይቅርብኝ። ቦሮንን ቢሰሙልኝ ይበቃኛል» አለ። አብሬው ሳቅሁ። ዞር ብዬ ሳየው እሱ ሳቁን ትቶ ውሃውን ያይ ነበር።

ዘንድሮ ጡረታ ሊወጣ ነበር። ዕቅዱንም ነግሮኛል። ሐይቁ ዳር፣ አባቱ አጠገብ ጎጆ ሠርቶ ሊቀመጥ ነው። «በየቀኑ ጠዋት ጠዋት አነብላቸዋለሁ» አለኝ። «አንድ ቀን ተሰላችተው መቋሚያውን ይረሱታል፤ ያን ጊዜ ቦሮንን ሹልክ አድርጌ አስገባታለሁ።» የኔታ ዘጠና ሊሞሉ ምንም ያልቀራቸው ሰው ናቸው። ጊዜ የሚያጥረው እሳቸውን መስሎን ነበር። ልቡ መታመሙን እሱም አላወቀ፤ ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ ቀረ።

ቀብሩ በአባቱ ደብር እንዲሆን ተወሰነ። የኔታ ስልክ የላቸውም። ለደብሩ ጸሐፊ ደውለን፣ «አደራ፣ ሰው እንዳይነግራቸው» አልን። አስከሬኑ በማግሥቱ በመኪና ዞሮ እስኪመጣ መርዶውን የምናደርስ ሰዎች በጠዋት በጀልባ ቀደምን። የዕድራችን ዳኛ ሊናገሩ፣ እኔ ደግሞ የኔታ ስለሚያውቁኝ እንድኖር ነው። ከኋላችን ወንድም ሴትም ጎረቤቶች ነበሩ።

ተማሪዎቹ ሲያዩን በቃላቸው የሚቀጽሉትን ትምህርት አቆሙ። የኔታ ዝምታውንም የእግራችንንም ኮቴ ሰሙ።

«እንደምን አደሩ የኔታ» አሉ የዕድሩ ዳኛ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ያህል ሰው ግን እንደምን አደርህ ሊለኝ በጠዋት አይመጣም» አሉ የኔታ። እጃቸው መቋሚያቸው ላይ ነበር። «አንለይ ነው?»

የዕድሩ ዳኛ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው። ጠፋባቸው። «እግዜር ያጽናዎት የኔታ» ብቻ አሉ።

የኔታ አማተቡ። ሴቶቹ ሊጮኹ ሲሉ በእጃቸው ምልክት አቆሟቸው። «አራቱ ተለያዩ በሉኛ» አሉ፤ ለእኛም ለራሳቸውም በማይመስል ድምፅ። «እሳቱ ወደ እሳት ሄደ። ነፋሱ ወደ ነፋስ፣ ውሃው ወደ ውሃ። መሬቱን ለእኔ አመጣችሁልኝ።»

«በመንገድ ላይ ነው፤ እየደረሰ ነው» አላቸው አንዱ።

የኔታ ሰዎቹን የመቃብሩን ቦታ ያዩ ዘንድ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሰደዷቸው። ከዚያ፣ «ውሃው አብሮ መጥቷል?» አሉ።

«አለሁ የኔታ።»

«ቅረብ። ተቀመጥ። ያን ንባቡን ታውቀዋለህ?»

«አስተምሮኛል።»

«አንብብ።»

ኀዘኑ ልባቸውን የነካው መሰለኝ። እሱ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። «ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም» አልሁ። ሊቲየምን ያዝ አድርጌ አወረድሁት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤሪሊየም» ብዬ ቆምሁ።

ሐይቁ ማዶ ሞተር ይሰማል። የኔታ ይጠብቃሉ።

«ምነው ቆምህ?»

«አራት ሞላ የኔታ።»

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «አንተ የአስኳላ ልጅ ነህና አታውቀውም» አሉ። «ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ጉልበት ስሞ ተሰናብቶ ይሄዳል። ሌላ ጉባኤ ፍለጋ አገር ያቋርጣል፤ አይመለስም። ያላስጨረሱት ግን ይመለሳል። ቅኔውን ሳይጨርስ ሲሄድብኝ ይመለሳል ብዬ ነበር። እሱ ቅኔውን ረሳው። ሲመጣ በእጁ የያዘው ይህን ንባብ ነው። ታዲያ በምን ላስቀረው? መቶ ስንቱን ጠልቼው መሰለህ? አምስተኛውን ከሰማሁ ስድስተኛው ይመጣል፤ ሲያልቅ ደግሞ ምን ያመጣዋል ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ አዘንሁ። እስከዚያ ድረስ ያዘንሁ መስሎኝ ነበር። በየዓመቱ ጀልባ ተሳፍሮ የሄደው አንድ ቃል እንዲሰሙለት ነው፤ ያን ቃል ያልሰሙት ደግሞ ጀልባው እንዳይቀር ነው። ለእሱ ልነግረው ፈለግሁ፤ የምነግረው ሰው በመኪና እየመጣ ነበር።

«‹ቦሮንን ቢሰሙልኝ ይበቃኛል› ይል ነበር» አልኋቸው።

«ቦሮን ማን ነው?»

«አምስተኛው ነው የኔታ።»

ከደብሩ በታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ወዲያው የሴቶቹ ጩኸት ተከተለ። የኔታ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አጋደሙት።

«በል ቀጥል» አሉ። «ዛሬ ጨርሶ ይሰናበት።»

«ከዚህ በኋላ ያለው ዜማ የተሰባበረ ነው የኔታ። ያረመለት የለም።»

«እኔ አለሁ አይደል? አርመዋለሁ።»

«ቦሮን» አልሁ።

«ቀስ በል» አሉኝ። «አትቸኩል፤ ገና አምስተኛው ነው።»